የእሜቴ ቢመጣስ ስዊች

በየቤተሰቡ አንድ «ቢመጣስ» ባይ አይጠፋም። ሌላው ሰው ዝናብ ሲፈራ ጃንጥላ ይዞ ይወጣል፤ እሱ ግን «ጃንጥላው ቢገለበጥስ?» ብሎ በር ላይ ይቆማል። በእኛ ቤት ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዘችው ታላቅ እህቴ ናት። ማዕረጓን ጠብቀን እሜቴ ቢመጣስ እንላታለን።

ሥራዋ ፒኤችፒ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ፕሮግራም መጻፍ ነው። ሰው የሚያየውን ገጽ ሳይሆን፣ ከጀርባ ሰርቨሩ ላይ ሆኖ ጉዳይ የሚያስፈጽመውን ነው የምትጽፈው። እዚያ ውስጥ ነፍሷ የምትወደው ነገር ስዊች ይባላል። እኔን ለማስረዳት ያልደከመችበት ቀን የለም።

«አየህ፣ ስዊች በር ላይ እንደቆመ አስተናጋጅ ነው። ጥርስ ያመመውን ወደዚህ፣ ዓይን ያመመውን ወደዚያ ይልካል። እያንዳንዱ መንገድ ኬዝ ይባላል፤ ኬዙ ሲያልቅ ብሬክ፣ ማለትም ‹ቁም›፣ ትጽፍለታለህ። ካልጻፍክለት አይቆምም፣ ዘው ብሎ ወደሚቀጥለው ይገባል። መጨረሻ ላይ ዲፎልት አለ፤ አንዱንም ላልሆነው።»

ይህን እውቀቷን ቢሮ ትታው ብትመጣ ምን ነበረበት! አጎታችን ስለ ጉልበታቸው ጀምረው፣ ከጉልበታቸው ወደ ጎረቤታቸው፣ ከጎረቤታቸው ወደ ጎረቤታቸው መኪና ሲሻገሩ፣ ጆሮዬ ሥር «ብሬክ ሳይጻፍላቸው ነው የተለቀቁት» ትለኛለች። ሳቄ አምልጦኝ የሚቆጡት እኔን ነው፤ እሷማ ጨዋ ናት።

እናታችን «ቲማቲም ከሌለ ድንች አምጪ» ብላ ከላከቻትም አለቀ።

«ድንችም ከሌለስ?»

«ሽንኩርት!»

«እሱም ከሌለስ?»

«እንግዲያው እዚያው ቅሪ!»

እህቴ ረክታ ትወጣለች፤ ዲፎልቱን አግኝታለቻ።

ታዲያ አንድ ሆስፒታል የቀጠሮ መያዣ ገጽ አሠራ። ታካሚው ስልኩ ላይ የሚፈልገውን ክፍል ይመርጣል፣ የእህቴ ስዊች ጥያቄውን ለክፍሉ ያደርሳል። ሥራው ሊያልቅ ሲል አለቃዋ መጣ።

«ዲፎልቱን ባዶውን ተዪውና እናስረክብ።»

«ሌላ ነገር ቢመጣስ?»

«ከየት አባቱ ይመጣል? የክፍሎቹን ዝርዝር የሰጠናቸው እኛው!»

«ከመጣ ጥያቄው የትም አይደርስም። ገጹ ግን ‹ተመዝግበዋል፣ እናመሰግናለን› ይላል። የታመመ ሰው አመስግነን እንሸኝ?»

እሷ የፈለገችው ዲፎልቱ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ወደ ተረኛዋ ነርስ ስልክ እንዲልክ ነው። ይህ ደግሞ ርክክቡን ያዘገያል። አለቃው ቱግ አለና ሥራውን ነጥቆ ለሌላ እንደሚሰጥባት ነገራት።

«ስጠው። እኔ ግን እንዲህ አድርጌ አላስረክብም» ብላው ላፕቶፗን ዘጋች።

ያን ቀን ቤት የገባችው ፊቷ አመድ መስሎ ነው። ያንን ሥራ እንደ ዓይኗ ብሌን ነበር የምታየው። እኔም በሆዴ «ለአንዲት መስመር ብላ ከሥራዋ ልትባረር ነው» አልኩ። ደግነቱ ኮዱን ከእሷ በቀር የሚያውቀው አልነበረምና፣ አለቃው እያጉረመረመ ተሸነፈላት።

ገጹ ተከፍቶ ብዙም ሳይቆይ አንድ ሽማግሌ በአሮጌ ስልካቸው ገቡ። ዝርዝሩ አልከፈት አላቸው። ቢጨንቃቸው ምንም ሳይመርጡ ስልክ ቁጥራቸውን ብቻ ጽፈው ላኩት። ጥርስ የለ፣ ዓይን የለ፤ ባዶ። ስዊቹ ከላይ እስከ ታች ቢፈልግ የሚገጥም ኬዝ አጣና ዲፎልቱ ላይ ደረሰ። የተረኛዋ ነርስ ስልክ ጮኸ። ብትደውልላቸው ለካ ባለቤታቸው መተንፈስ አቅቷቸው ነው። አምቡላንስ ደረሰላቸው፤ ሴትዮዋ ተረፉ።

ሆስፒታሉ ሊያመሰግን ሲደውል አለቃው «አስበንበት ነው» አለ አሉ። አስበንበት! እህቴ ግን ኮዱን መልሳ ከፍታ ቁጭ ብላለች። እኔ እንኳን ደስ ያለሽ ስላት እሷ «ዝርዝሩ ግን ለምን አልተከፈተላቸውም?» እያለች ትብሰለሰላለች።

እሷ ባታወራው እኔን ማን ዝም ያሰኘኛል? ኮርቻለሁ፣ ኩራቴም ቅጥ አጥቷል። ታክሲ ውስጥ፣ ባንክ ወረፋ ላይ፣ የማላውቀውን ሰው ይዤ ስለ ስዊች አወራለሁ። ጓደኞቼ ከሩቅ ሲያዩኝ መንገድ መቀየር ጀምረዋል። በቀደም ፀጉር ቤት ገብቼ አስተካካዩን ከኬዝ እስከ ዲፎልት አስረዳሁት። ግማሽ ራሴን አስተካክሎ፣ መቀሱን እንደያዘ ቆሞ አዳመጠኝ። ስጨርስ በመስታወቱ አየኝና፣

«አንተ ጎበዝ ነህ! የትኛውን ነው አንተ የጻፍከው?» አለኝ።

ደረቴን ነፋሁ።

«እኔማ ወንድሟ ነኝ!»