የፒዲኤፍ ወጌሻ

ከንቲባ ቢታመም ምክትሉ ይሠራል፤ ዳኛ ቢቀር ቀጠሮ ይሰጣል። የፎቶኮፒ ቤቱ ባለቤት ሱቁን ዘግቶ ሠርግ የሄደ ዕለት ግን ከተማው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም፤ በእኛዋ ከተማ በሳላቲጋ ክቡር ፓክ ቱኪራን ናቸው፤ ፓክ አባባ እንደማለት ነው። የወለቀ ፒዲኤፍ ያሻሉ፣ የተሰበረ ያስራሉ። ፈቃድ የላቸውም እንጂ ወጌሻ ናቸው።

ታማሚው ፋይሉ ቢሆንም የሚመረመረው ባለቤቱ ነው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ክዳን ካለው ብርጭቆ ስኳር የበዛበት ሻያቸውን ፉት ብለው፣ «ከመበላሸቱ በፊት ምን አደረጋችሁት?» ይላሉ።

«ምንም፣ ፓክ።»

«ምንም ያላደረገ ሰው እዚህ አይመጣም። ፋይል አይዋሽም፤ የሚዋሸው ይዞት የመጣው ነው።»

አንዱ ጸሐፊ በቢሮው ያማረው ደብዳቤ እዚህ ሲከፈት ባዶ ሳጥን በሳጥን ሆኖበት መጣ። «ፊደሎቹን ቤት ጥለሃቸው መጣህ እኮ» አሉት። «ስታስቀምጠው ፊደሉንም አብረህ አሽገው።» ሌላው ደግሞ ተራ ጽሑፍ ስሙን ብቻ ፒዲኤፍ ብሎ ለውጦ፣ አልከፈትም ሲለው ኮምፒውተሩን ይረግማል። «ስሙን ሐጂ ስላልከው መካ ደርሶ መጣ ማለት ነው?» ብለው ወደ በሩ አዩት። አንድ አስተማሪ ፈተናውን በይለፍ ቃል ቆልፎ ረሳውና ከሚስቱ ጋር መጣ። የሚስቱን ልደት ሞከሩ፤ እምቢ። የሠርጉን ቀን ሞከሩ፤ እምቢ። በመጨረሻ የተከፈተው በወፉ ስም ነው፤ በዚያች በረንዳው ላይ በምትዘምረዋ። ሴትዮዋ ሳምንት ሙሉ አላናገረችውም ይባላል።

ስትሰሙት ያስቃል። ለቸኮለ ሰው ግን ይህ ሁሉ ጥያቄ ደም ያፈላል።

አንድ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ታናሽ እህቴን ኪናሲህን ይዤ ገባሁ። ኪናሲህ አዋላጅ ናት፤ አሥራ አንድ ዓመት በኮንትራት ሠርታለች። ለቋሚ የመንግሥት ሥራ ለመመዝገብ የዕድሜ ጣሪያ አለ፤ እሷ ደግሞ በሚቀጥለው ወር ጣሪያውን ታልፋለች። ምዝገባው በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል። ዘንድሮ ካልሆነ መቼም አይሆንም። ድረ ገጹ ግን የኤሌክትሮኒክ ቴምብር የተለጠፈበትን ማመልከቻዋን «ቴምብሩ አይታወቅም» እያለ ይመልስባታል።

«ከመበላሸቱ በፊት ምን አደረግሽው፣ ልጄ?»

«ምንም፣ ፓክ።»

«ተነካክቷል» አሉ ፋይሉን ከፍተው።

«እንግዲያው ነክቼው ይሆናል» አለች ኪናሲህ አንገቷን ደፍታ። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ተነካክቷል አልኩ እንጂ ጥፋቱ የማነው አላልኩም።»

ቱግ አልኩ። «ፓክ፣ ፖሊስ ጣቢያ ነው እንዴ የመጣነው? ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ ይሥሩልን እንጂ።»

ሻያቸውን ፉት አሉ። ልጨምርላቸው አፌን ስከፍት የእህቴ እጅ ላይ ዓይኔ አረፈ፤ የቦርሳዋን ማንገቻ ጭምድድ አድርጋ ይዛለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ድረ ገጹ ፋይሉ ከበደ ብሎ አልቀበል ሲላት በስልኬ የጨመቅኩት እኔ ነኝ። ቴምብሩ ከተለጠፈ በኋላ። አውቃለሁ ብዬ።»

«አሁን ሥራ እንጀምር» አሉ ፓክ ቱኪራን።

ለካ የኤሌክትሮኒክ ቴምብር ከተለጠፈ በኋላ ፋይሉ ከተነካ ቴምብሩ ይሞታል። መጀመሪያ የፋይሉ መጠን ይቀነሳል፣ ከዚያ ቴምብሩ ይለጠፋል። ማመልከቻውን እንደገና በጥቁርና ነጭ ስካን አድርገው መጠኑን ቀነሱት። አዲሱን ቴምብር የሚያወጣው ገጽ ግን አገር ምድሩ ተጋፍቶበት ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል። ፓክ ቱኪራን ተነሡና ከኋላችን ወረፋ ወደያዙት ደንበኞች ዞሩ።

«ሁላችሁም ስልካችሁን ከሱቁ ኢንተርኔት አላቁ። አዋላጇ ትቅደም።»

«ሁለተኛ ልጄን ያዋለደችልን እሷ ናት» አለ አንድ ባለ ሞተር፤ ስልኩንም ጭራሽ አጠፋው።

ለአሥር ዘጠኝ ጉዳይ ቴምብሩ ተለጠፈ። ለአሥር አራት ጉዳይ «ማመልከቻዎን ተቀብለናል» የሚል መልስ መጣ። ኪናሲህ የፎቶኮፒ ማሽኑን ተደግፋ አለቀሰች። እኔም፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ አብሬያት አለቀስኩ።

እሷ ፊቷን ልትታጠብ ስትወጣ ፓክ ቱኪራን ጠሩኝና የተበላሸውን ፋይል መረጃ ከፍተው አሳዩኝ። «መጨረሻ ያስቀመጠው፦ ዋሲስ» ይላል። ስሜ ነው።

«ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር?»

«ገና ስከፍተው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«እኔ ብናገር አንተን ማሳጣት ይሆን ነበር፤ አንተ ስትናገር ግን እህትህ ቀለላት» አሉና ወደ ሻያቸው ተመለሱ።

ኪናሲህ ፈተናውን አልፋ ዛሬ ቋሚ ናት። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሱቃቸው ለመሄድ ሰበብ ፈላጊ ሆኛለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዳች ያልነካው ፋይል ይዤ ሄድኩና «እምቢ አለኝ፣ ፓክ» አልኳቸው። ከፈቱት፤ ወዲያው ቁልጭ ብሎ ተከፈተ። ስክሪኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ በእግራቸው ወንበር ገፋ አደረጉልኝ።

«ይሄማ ጠንቶበታል» አሉ። «ቁጭ በል፤ ጊዜ ይወስዳል።»