ጎማዋን አይቼ የገዛኋት ጀልባ

እናንተ ያገለገለ ነገር ስትገዙ መጀመሪያ የምታዩት ምኑን ነው? እኔ ጎማውን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ከእጃጂ እህል፣ ከእንጭኒ ድንች በአይሱዙ ሳመላልስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቀለሙን እንደ አዲስ ይቀቡታል፣ ሞተሩን አጥበው ያሳምሩታል። የተበላ ጎማን ግን ምን ያደርጉታል? ታዲያ ዱባይ ያለችው የእህቴ ልጅ ያገለገለች የሞተር ጀልባ አግኝታ ፎቶዋን በስልክ ስትልክልኝ ምን ያልኳት ይመስላችኋል? "እስቲ ጎማውን አስጠግተሽ አንሺልኝ።"

አንስታ ላከች። ጥርሱ ያልተነካ ጎማ! ጀልባዋ ተጎታች ላይ ጉብ ብላለች። ወዲያው ግዢ አልኳት።

አምቦ ለሚኖር ሰው ጀልባ ምን ያደርግለታል ትሉኝ ይሆናል። ከእናንተ በፊት ባለቤቴ አስቴር ብላኛለች። እኔ ግን ሳልቆጥር አልገባሁበትም። በየሰንበቱ ደንዲ ሐይቅ ዳር ቆሜ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ሰው ስቆጥር ከርሜአለሁ። ሁሉም ውኃውን ያያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ መኪናው ውስጥ ገብቶ ይመለሳል። ይሄን ሁሉ ተሳፋሪ እያዩ መሸኘት አንጀት አይቆርጥም? ስለዚህ አይሱዙዬን ለጎረቤቴ ለኦቦ በቀለ ሸጥኩ። አስቴር ያን ቀን የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ያቺ ጀልባ ካልሄደች የምንበላው በእኔ አረቄ ነው፤ ጀሪካኑን የምትሸከመው ደግሞ አንተ ነህ።" የአረቄ ንግዷን እስከዚያ ቀን እንደ ጨዋታ ነበር የማየው። ይሄ አባባሏ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ጀልባዋ በጅቡቲ አድርጋ ሞጆ ገባች። ልረከብ ብሄድ ጎማ የለም! ለካ ተጎታቹ የሻጩ ኖሯል። ደውዬ የእህቴን ልጅ ብጮህባት፣ "ጋሼ፣ ጎማውን አንሺልኝ አሉ እንጂ ግዢልኝ መቼ አሉኝ?" አለች። ምን ይመለሳል? ቀረጥ የሚተምነውም ልጅ ተቸገረ። ተሽከርካሪ እንዳይላት ጎማ የላትም፣ መርከብ እንዳይላት አነሰችበት።

ወደ አምቦ የጫናት ማን ይመስላችኋል? የገዛ አይሱዙዬ፣ በኪራይ። ኦቦ በቀለ መንገዱን ሙሉ መስተዋቱን እያየ ሲስቅ ነበር። "ሰውዬ፣ ይቺንም ልትሸጥልኝ ካሰብክ ጎማ አስገባላት" አለኝ።

ክረምቱን ግቢዬ ከረመች። የአምቦን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ጀልባዋ ግን ከኋላዋ፣ ከታች በኩል፣ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አላት። የዘነበው ሁሉ በዚያ ጥርግ ብሎ ይወጣል። እንዴት ያለ ብልህ ሰው ነው የሠራት! አልኩ።

መሬቱ ሲደርቅ እንደገና በኦቦ በቀለ መኪና ወደ ሐይቁ ጉዞ ሆነ። መኪና የሚደርሰው አፋፉ ድረስ ነው፤ ከዚያ ቁልቁል የእግር መንገድ ነው። ተሸካሚ ከየት ይምጣ? ከእድር ነዋ! የእድራችን ዳኛ ኦቦ ለታ ጠንካራ ጠንካራውን መርጦ ይዞልኝ መጣ። አስቴርም ለተሸካሚዎቹ አንድ ጀሪካን አረቄ፣ አፉን ጥብቅ አድርጋ ደፍና፣ ይዛ አብራን ሄደች።

እንግዲህ የእድር ሰው የለመደው ሸክም አንድ ነው። ጀልባዋን በሸራ ሸፈኗት። ትከሻቸው ላይ አደረጓት። ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው ቀስ፣ ቀስ። "ኸረ ፈጠን በሉ!" ብል ኦቦ ለታ ዞር ብሎ "ነውር አይደለም እንዴ?" አለኝ። ማሳ ላይ ያሉት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አቁመው ቆባቸውን አወለቁ፤ አንድ ሁለት እያሉ ይከተሉን ገቡ። "ኤኙቱ ዱኤ?" ይባባላሉ፤ ማን ሞተ ነው ነገሩ። አንዱ ሸራውን ለካ ለካ አድርጎ "መቼም ግዙፍ ሰው ነበር" አለ። አደ ጫልቱ የሚባሉ ባልቴት ደግሞ ሟቹን እንኳ ሳይጠይቁ ደረታቸውን እየደቁ ያለቅሱ ጀመር። ኸረ እናቴ፣ ጀልባ ናት ብላቸው፣ "ይሁን፣ አንዴ ጀምሬዋለሁ" አሉ።

ውኃው ላይ አኖርናት። ተንሳፈፈች! እልልታው ቀለጠ። ገባሁና ሞተሩን አስነሳሁ። አስቴርን ዞሬ አየኋት፤ የጀሪካኑ ነገር የተዘጋ መሰለኝ። ከዚያ ጫማዬ ራሰ። ከዚያ ካልሲዬ። ሞተሩ አንድ ሁለቴ ተንተፋተፈና ዝም አለ፤ ጀልባዋም በኋላዋ ቁጭ አለች። ደግነቱ ከዳር አልራቅንም፤ ውኃው ደረቴ ላይ ቆመ። አደ ጫልቱ ከዳር ሆነው "እኔስ በከንቱ አላለቀስኩም" አሉ።

"ይሄ ቀዳዳ መክደኛ የለውም እንዴ?" አለ ኦቦ በቀለ። ያን ጊዜ ነው ዓይኔ ጀሪካኑ ላይ ያረፈው። አፉ ላይ ጥቁር የላስቲክ ውታፍ ግጥም ብሎ ተቀምጧል።

"አስቴር፣ ይሄን ከየት አመጣሽው?"

"ከጀልባዋ ቁልፍ ጋር በፌስታል የመጣ ነው። አንተ ምን ሊያደርግልህ? የኔ ጀሪካን ክዳኑ ከጠፋ ቆይቷል። ጠብ አያደርግም እኮ!"

ጎትተን አወጣናት። እንደገና እንሞክር ተባለ። ግን ውታፉ እንዲነሳ መጀመሪያ አረቄው ማለቅ አለበት። አለቀ። ካለቀ በኋላ ጀልባ የሚሸከም ቀርቶ ራሱን የሚሸከም ጠፋ። ውኃ የጠጣው ሞተርም ከዚያ ወዲያ አልተነሳም፤ ጀልባዋን በማግስቱ በዚያው ትከሻ፣ በዚያው መኪና ወደ ግቢዬ መለስናት።

ወሬው አምቦን ሲያዳርስ ሰው ጀልባዋን ለማየት ግቢያችን ይጎርፍ ጀመር። መቼም አይቶ፣ ስቆ፣ ሳይጠጣ የሚሄድ የለም። እኔ ደግሞ ቆጠርኩ። ደንዲ ዳር ከቆጠርኩት ይበልጣል! ዛሬ ጀልባዋ በአራት እንጨት ላይ ተገልብጣ ቆማለች፤ ሥሯ አግዳሚና የአስቴር ምድጃ አለ። ጀሪካኑን የምሸከመው እኔ ነኝ። ውታፉ ከሚያዋጣው ቦታ አልተነሳም።

ቀዳዳውስ? ስትገለበጥ ከላይ ሆነ። የምድጃው ጢስ በዚያ ጥርግ ብሎ ይወጣል። የሠራት ሰው ብልህ ነው ብያችሁ አልነበር?