ብርድ የማያውቀው ብርድ ልብስ

ከተማ ለገጠር የማያስብለት ነገር የለም፤ እንዴት እንደሚኖር ሳይቀር ያስብለታል። ከሞላሌ ወጣ ብለው የሚኖሩት አቶ ወዳጆ ይህን ታላቅ ውለታ የተቀበሉት ከገዛ ደጃፋቸው ነው። አንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ «እውነተኛውን የመንዝ ኑሮ ለሕዝብ ለማሳየት» ብሎ የማስታወቂያ ሠሪዎች ከአዲስ አበባ ላከ፤ እነሱም የአቶ ወዳጆን ቤት መረጡ።

አቶ ወዳጆ ዕድሜ ልካቸውን የመንዝ ገበሬ ናቸውና የመንዝ ገበሬ ሆነው እንዲሠሩ ሲጠየቁ አልከበዳቸውም። ጋቢያቸውን ደርበው ደጃፉ ላይ ቆሙ። የቀረጻው አለቃ አትናቴዎስ አየት አደረጋቸውና ራሱን ነቀነቀ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ገበሬ አይመስሉም።»

«ታዲያ ምን እመስላለሁ?»

«የበረደው ሰው።»

«በርዶኝ ነዋ!»

«ችግሩ እሱ ነው። የእኛ ገበሬ አይበርደውም።»

ስለዚህ ከአዲስ አበባ የመጣ ለግላጋ ወጣት ጺም ተለጥፎለት ገበሬ ሆነ። ኩበቱ ከእውነተኛው ኑሮ ጋር አይሄድም ተብሎ ከጓሮ ተነሣ። ጥላሸት የጠጣው ግድግዳ በነጭ ጨርቅ ተሸፈነ። በጓም በሻምፖ ታጥባ ስታስነጥስ ዋለች።

ወጣቱ አዲሱን ብርድ ልብስ ተከናንቦ «ምን ያለ ሙቀት!» ሊል አፉን ከፈተ። ነፋሱ ከጓሳ ተራራ በኩል መጣ። «ም… ም… ም…» ብሎ ቀረ።

የአቶ ወዳጆ ባለቤት ወይዘሮ ወሰኔ አንጀታቸው አልቻለም። በበግ ጠጉር የተሠራውን ባና ከመኝታቸው አንሥተው «የሰው ልጅ በብርድ ይሙት?» እያሉ ልጁን ጠቀለሉት። አትናቴዎስ ብርድ ልብሱን ከላይ ደረበበት። ወጣቱ ሞቀው፤ ፈገግ አለ፤ «ምን ያለ ሙቀት!» አለ። ተጨበጨበ።

ከወራት በኋላ አቶ ወዳጆ ሞላሌ ሻይ ቤት ተቀምጠው ማስታወቂያውን በቴሌቪዥን አዩ።

«ምን ያለ ቤት ነው! የማን ይሆን?» አለ አንዱ።

«የእኔ ነው» አሉ አቶ ወዳጆ።

ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከልጁ ላይ መንቀል አልቻሉም። እንዴት ሞቆታል! በማግስቱ ባናቸውን ገበያ አውጥተው ሸጡና ብርድ ልብሱን ገዝተው ገቡ።

«ምነው፣ ጤና የለዎትም?» ብለው ጮኹ ወይዘሮ ወሰኔ። «ልጁን ያሞቀው ባናችን አይደለም እንዴ? በእጄ አይደል ያለበስኩት?»

«እሱንማ አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«አየሽ ወሰኔ፣ ያንን ያየነው እኔና አንቺ ነን። ይኼንን ግን አገር በሙሉ አይቶታል።»

አገር ያየው ብርድ ልብስ ግን የመንዝን ብርድ አላየውም ነበርና፣ አቶ ወዳጆ ሲንቀጠቀጡ አድረው አልጋ ያዙ። ወይዘሮ ወሰኔ ከጎረቤታቸው ከወለተ ኢየሱስ ባና ተውሰው ከውስጥ ጠቀለሏቸው፤ ብርድ ልብሱን ከላይ አለበሷቸው። ላብ ላብ አላቸው። አቶ ወዳጆም ሊጠይቅ ለመጣ ሁሉ ብርድ ልብሱን እየዳበሱ «ቴሌቪዥን አይዋሽም፤ ምን ያለ ሙቀት!» እያሉ መሰከሩ።

ወለተ ኢየሱስም ይህን ምስክርነት በጆሮዋ ሰምታ በሦስተኛው ቀን መጣች።

«ወሰኔ፣ ባናዬን መልሽልኝ።»

«ምነው እቴ፣ ሳይሻላቸው?»

«ነገ ገበያ ነው» አለች ወለተ ኢየሱስ፤ «ሸጬ እንደዚያ ያለ ብርድ ልብስ ልገዛበት ነው።»