ወገቤ ያወጣው ባህል

ባህል የሚባለውን ነገር አባቶቻችን ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ ተመካክረው ያወጡት ይመስላችኋል? ተዉኝማ! ባህል ማለት አንዱ አሞት ያደረገውን ሌላው በጤናው ሲደግመው ነው። በምን አወቅክ አትሉኝም? አንዱን ያወጣሁት እኔ ነኛ!

እዚሁ ሐይቅ ከተማ፣ ጎረቤት ለቅሶ ተቀምጠናል። አግዳሚው ዝቅ ያለ፣ እኔ ደግሞ ወፈር ያልኩ... ከቀትሩ የዙሁር ሶላት ጀምሮ ንቅንቅ አላልኩም። ይኼኔ ሼህ ይማም የሚባሉ የተከበሩ ሰው ከአምባሰል መጥተው ድንኳኑ ውስጥ ገቡ። ሁላችንም ብድግ አልን። እኔ ግን ግማሽ ድረስ ብቻ! ወገቤ ቀጭ! አለና እዚያው ቀረ። አንድ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ አንገቴን እንደደፋሁ፣ "እህህህ..." አልኩ።

ሼሁ ቆም ብለው አዩኝ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"አያችሁ? አደብ ማለት ይህ ነው! ትልቅ ሰው ሲያይ አንጀቱ ሲላወስ ሰማችሁት?"

የተላወሰው አንጀቴ ሳይሆን ወገቤ ነው ልል ነበር። ግን እናንተ ብትሆኑ ትሉ ነበር? ድንኳን ሙሉ ሰው ሲያደንቀኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ እኮ ነው! ዝም አልኩ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ...

በማግስቱ እዚያው ድንኳን ሁለት ጎረምሶች ወገባቸውን ይዘው ጎንበስ፣ "እህህ!" በሳምንቱ ባጃጅ ነጂዎች መሪ እየለቀቁ "እህህ!" ከሪያድ የተመለሰች የሰፈር ልጅ "እዚያም ትልልቆቹ ዘንድ እንዲሁ ነው" ብላ አጸደቀችው። የእስላሙም የክርስቲያኑም ሰርግ ላይ ገባ። መቼም እኛ ወሎዎች ሰላምታ ላይ ሃይማኖት አንለይም!

አንድ ሽማግሌማ ሻይ ቤት ተቀምጠው፣ እኔው ፊት፣ "ይህ የጥንት ነው፤ አያቴም እንዲሁ ያቃስቱ ነበር!" አሉ።

"ኧረ ወላሂ እኔ ነኝ ያመጣሁት!" ብላቸው፣

"አይ ዘመን! ሰው ባህልም ይሰርቃል?" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ አፌን ዘጋሁ። ወጌሻም አሸኝና ዳንኩ፤ ቀጥ ብዬ መሄድ ጀመርኩ። መዘዙ የመጣው ያኔ ነው።

ልጄ መሐመድ ዘሃራ የምትባል ልጅ ወዶ ከሰው ተራ ወጥቷል። እሷም እሱን ካልሆነ አላገባም ብላለች። ሁለት ሽማግሌ ይዤ አባቷ ሐሰን ቤት ሄድኩ። "አሰላሙ አለይኩም!" ብዬ እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ብዬ ገባሁ። የሐሰን ፊት ጠቆረ።

"ወአለይኩም ሰላም። ወንድም ሰይድ፣ ምነው ወገብህ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው!"

"ደህናነቱንማ አየሁት። እንግዲህ አባትየው ለሰው የማይጎነበስ ከሆነ፣ ልጅየው ለልጄ ምን ሊሆናት ነው? በሉ በሰላም ወደ ቤታችሁ ግቡ።"

መሐመድ ይህን ሲሰማ ምግብ ተወ። ባለቤቴ ፋጡማ ተቆጣች።

"ለልጅህ ስትል ብታቃስት ምን አለበት?"

ሦስት ቀን አለማመደችኝ። "አይ አይ! እንደ ጤነኛ ሰው ነው የምታቃስተው! ከሆድህ!" ትለኛለች። የራሴን ህመም ማስመሰል አቃተኝ እላችኋለሁ!

በአራተኛው ቀን ሽማግሌዎቼን ይዤ ተመለስኩ። ከደጃፉ ጀምሬ ጎንበስ... "እህህህ!"

ሐሰን ፊቱ በራ። "አሁን ገና ሰው መጣ!" ብሎ እሱም ጎንበስ አለልኝ። ቀና ያለው ግን ግድግዳ ይዞ ነው። ተቀመጥን፤ ዘሃራን ሰጠን። ደስታው ሞቅ ሲል ሐሰን ወደ እኛ ጠጋ አለ።

"ከእናንተ አልደብቅም፤ ይህ ነገር ወገቤን ጨረሰው።"

"እኔንስ!" አለ አንደኛው ሽማግሌ።

"እኔማ ሰው እንዳላገኝ በጓሮ ነው የምሄደው" አለ ሌላው።

"ታዲያ ለምን አትተዉትም?" አልኩ።

"ብተወው ሰው ምን ይለኛል?" አለ ሐሰን። "ሰው" የሚለው እነማንን እንደሆነ እንጃ... ሁላችንም እዚያው ነበርን።

ሐሰን እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። "በሉ ዱዓ እናድርግ። ይህን ጉድ መጀመሪያ ያመጣብንን ሰውዬ፣ አላህ ወገቡን ቁርጥ ያድርግለት!"

"አሚን!" አሉ ሽማግሌዎቹ።

ሐሰን ዞር ብሎ አየኝ። "አንተስ፣ ምነው ዝም አልክ?"

መሐመድን አሰብኩ። ዘሃራን አሰብኩ።

"አሚን!" አልኩ፣ ከሁሉም ጮክ ብዬ።