የሲሞኖቭ ሰደፍና የሁዳዴ ተልባ

ሰው ከቀና አይቀር የሚቀናበት ነገር ሞልቷል። የጎረቤቱ ሳሎን ሰፋ ብሎ ያንገበግበዋል። የወዳጁ ልጅ ሐኪም ሆነች ሲባል «እንኳን ደስ ያላችሁ» ይልና ቤቱ ገብቶ የገዛ ልጁን «አንቺስ?» ብሎ ያፋጥጣታል። ይኼ ወግ ያለው፣ ዘመድ አዝማድም የሚረዳው ቅናት ነው። እኔ ግን ጉዴን ልንገራችሁና፣ ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ የቀናሁት በእንጨት ነው። ያውም በጠመንጃ ሰደፍ።

ቆይ፣ አትደንግጡ። ሚኒሶታ ዊንተሩ ሲረዝም ሰው የሚይዘው የሚጨብጠው ይጠፋዋል። አንዱ ፈረንጅ ሐይቁ ላይ በረዶውን ቦርቡሮ ዓሣ ይጠብቃል፤ ዓሣውም አይመጣም፣ ሰውየውም አይሄድም። ሌላው አሮጌ መኪና ሲፈታና ሲገጥም ይከርማል። አንዳንዱ ደግሞ ከውጭ የመጣ ያገለገለ ጠመንጃ ይገዛና እንጨቱን ይፍቃል፣ ዘይት ይቀባል፣ ብረቱን ያጠቁራል፣ ሲጨርስ ፎቶ አንስቶ ለሰው ያሳያል። ይተኩስበታል ወይ ትሉኝ ይሆናል። አልፎ አልፎ፣ ለዚሁ በተፈቀደ ቦታ፣ ወረቀት ላይ። ዋናው ነገር ግን ማሳመሩ ነው። ሙሽራ አስጊጦ ጓዳ እንደማስቀመጥ ያለ ሥራ ነው።

በዚህ በሽታ የለከፈኝ ኪዳኔ ነው። ኪዳኔ የአስመራ ልጅ ነው፤ በአማርኛ የተማረ፣ ሰዋስው ከእኔ አብልጦ የሚያውቅ፣ ሲገረም ወይም ሲናደድ ብቻ «አንታ!» የሚያመልጠው። ከሆስፒታል ሥራ ጡረታ ወጥቷል። እኔ ገና የዊልቸር ቫን ድራይቭ አደርጋለሁ፣ ሰዎችን ዳያሊሲስ አመላልሳለሁ። ቡርንስቪል አንድ አፓርትመንት ግቢ ውስጥ ነው የምንኖረው፤ ጋራዦቻችን አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ በየማለዳው ይደውልልኛል። ስልኩን ሳነሳ «አለህ?» ይላል። «አለሁ» እላለሁ። ይዘጋል። ሌላ ወሬ የለም። ባለቤቴ ሮማን «ስም መጥሪያ ያዛችሁ እንዴ እናንተ ሽማግሎች?» እያለች ትስቅብናለች። ትሳቅ። ከእሷ ሌላ እዚህ አገር በሕይወት መኖሬን በየቀኑ የሚያጣራ ሰው ኪዳኔ ብቻ ነው፤ ኢንሹራንሱ እንኳን የሚጠይቀኝ በዓመት አንዴ ነው።

ጠመንጃዎቹን የገዛነው አብረን ነው። ሲሞኖቭ ናቸው፤ ቃታውን በሳብክ ቁጥር አንድ ጥይት ተኩሶ የሚቀጥለውን ራሱ የሚያቀባብለው ዓይነት። ከዩጎዝላቪያ ግራሶ ውስጥ እንደተነከሩ መጥተው ባለሱቁ ሁለቱንም ከአንድ ሳጥን አወጣልን። ሲሞኖቭን ማን ይስተዋል? እሱም አስመራ፣ እኔም አዲስ አበባ፣ በወጣትነታችን አሳምረን እናውቀዋለን። ግን የምናውቀው በአፈሙዙ በኩል ነው። ሰደፉን አገላብጠን ለማየት ሚኒሶታ ድረስ መምጣት ነበረብን።

ሮማን «ቤቴ አይገባም» አለች፤ አልገባም። ጋራዥ ውስጥ የብረት ሳጥን ገዝቼ ቆለፍኩበት። ከዚያ ኪዳኔ በግድግዳው በዚያ በኩል፣ እኔ በዚህ በኩል፣ ብረቱን ፈተን እንጨቱን መፈቅፈቅ ጀመርን። የብርጭቆ ወረቀቱ ድምፅ በግድግዳው ይሰማል። እሱ ሲያቆም እኔ አቆማለሁ፣ እሱ ሲጀምር እኔም እጀምራለሁ። እንግዲህ አስቡት፤ ከአንድ ሳጥን የወጡ መንትዮች፣ አንድ ዓይነት እንጨት፣ አንድ ዓይነት ወረቀት። የእሱ ሰደፍ ግን በየሳምንቱ እየቀላ፣ እየጠራ፣ ውስጡ ያለው መስመር ሁሉ እየወጣ ሄደ። የእኔው ከሥር ያረረ ድፎ ዳቦ መሰለ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስኔሊንግ አቨኒው ምግብ ቤት ተሰብስበን ኪዳኔ ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን አሳየ። ስልኩ ጠረጴዛውን ዞረ። «እጅህ ይባረክ!» «ወይ ሙያ!» «እንጨት ነው መስተዋት?» ተባለ። ሮማን ሳትቀር፣ ጠመንጃ ቤቴ አይገባም ያለችው የእኔ ሮማን፣ መነጽሯን አድርጋ አየችና «ይኼማ ሳሎን ግድግዳ ላይ ቢሰቀል አያሳፍርም» አለች። ቀናሁ። ዝም ብዬ አልቀናሁም፣ አንጀቴ ነው ያረረው። ይባስ ብዬ የራሴን ፎቶ አወጣሁ። አንዱ ቀረብ ብሎ አየና «ይኼስ የማን ከዘራ ነው?» አለ። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። ኪዳኔ አልሳቀም፤ አለመሳቁ ደግሞ ይበልጥ አቃጠለኝ። ብድግ ብዬ፣ ከፋሲካ በኋላ እነዚህ ጠመንጃ የሚያድሱ ፈረንጆች ክለባቸው ውስጥ ኤግዚቢሽን አላቸው፣ ሁለታችንም ተመዝግበናል፣ ያን ቀን እንተያያለን አልኩ። ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ ብዬም ፎከርኩ። አፌ ምን እንደሚጠብቀኝ ከእኔ ቀድሞ ሳያውቅ አልቀረም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ «አለህ?» ሲለኝ «አለሁ» የምለው በአፍንጫዬ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ጋራዥ ገብቼ የምጠጣውን ሻይ ተውኩ። ራስ ምታት አልኩ፣ ኤክስትራ ሽፍት ያዝኩ አልኩ። እሱ ግድግዳውን መታ መታ አድርጎ ሲጠራኝ ሬዲዮ ከፍ አደርጋለሁ። ይኼ ሁሉ ለእንጨት እንደሆነ አትርሱ።

በመጨረሻ አላስችል አለኝና አንድ ቅዳሜ እንደዋዛ በሩ ላይ ቆሜ «ለመሆኑ ምንድነው የምትቀባው?» አልኩት።

«ተልባ» አለኝ፣ ቀና ሳይል፣ በጨርቅ እያሸ።

ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ «ምን ዓይነት ተልባ?» ብሎ መጠየቅ ይቻል ነበር። ይችን ያህል ነው ሥራው። ቀናተኛ ሰው ግን ሁለተኛ ጥያቄ አይጠይቅም። የመጀመሪያዋን ጨዋታ አስመስሎ ያልፋታል፤ ሁለተኛዋ ላይ ግን «አላውቅም፣ አሳየኝ» ማለት ይመጣል፤ እሷን ከምል ምላሴ ይቆረጥ! «ታዲያ ተልባ መሆኑን ማን ያጣዋል» ብዬ ወደ ቤቴ ገሰገስኩ።

ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ሮማን ለጾሙ ቆልታ በቆርቆሮ ያስቀመጠችው ተልባ እንዳለ አውቃለሁ። እሷ ነርሲንግ ሆም ሽፍት ላይ ነበረች። በቅመም መፍጫዋ ፈጨሁት፣ በሞቀ ውሃ በጠበጥኩት፣ እናንተም እንደምታውቁት ያ ዝልግልግ የሚለው ነገር ወጣ። «ይኸውላችሁ ዘይቱ!» አልኩ ብቻዬን። ጋራዥ ወስጄ ሰደፉን ቀባሁት። ምን ልበላችሁ፣ አበራ! ደገምኩት፣ የበለጠ አበራ። ባለኝ የተልባ ብጥብጥ ሁሉ ለቅልቄ፣ ማሞቂያውን አጠገቡ ለኩሼ፣ በአሮጌ ጋቢ ሸፍኜው ኪዳኔን እያሰብኩ ተኛሁ።

በነጋታው ጋቢውን ልገልጥ ብስበው አልገለጥም አለ። ጎትቼ አላቀቅኩት፤ ግማሹ ጥጥ ሰደፉ ላይ ቀረ። ጠመንጃዬ ሪዝ አወጣ። በጣቴ ስነካው ይይዘኛል፣ ስለቀው ክር ይተፋል። ልጄ ሶስና ልትጠይቀን መጥታ ኖሮ ጋራዥ ገባችና አፍንጫዋን ይዛ «ዳድ፣ ዋይ ዳዝ ዩር ገን ስሜል ላይክ ብሬክፋስት?» አለችኝ። ጠመንጃህ ለምን ቁርስ ቁርስ ይሸታል ማለቷ ነው።

ማታ ሮማን ባዶውን ቆርቆሮ ይዛ ፊቴ ቆመች። «ተልባዬ የት ገባ?» አለች። ነገርኳት፤ ምን አደርጋለሁ። ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ጠመንጃህም ሁዳዴን ይጾማል እንዴ?» አለች። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ ስታቆም ደግሞ ወደ ቁም ነገሯ መጣች። «ሂድና ለኪዳኔ አሳየው። አለበለዚያ እኔ እወስድለታለሁ።»

እሷ ከምትወስደው ሞት ይሻላል። እንጨቱን ብቻ በፎጣ ጠቅልዬ፣ የታመመ ሕፃን እንደያዘ ሰው፣ የኪዳኔን በር አንኳኳሁ። ፎጣውን ገለጠ። አሸተተ። በጥፍሩ ጫር አድርጎ አየ። «አንታ ታዴ!» አለ። «ይኼ ለሆድ የሚሆነው እኮ ነው! ለእንጨት የሚሆነው ዘይቱ ብቻ ነው፤ ለእንጨት ተብሎ የሚሸጥ አለ፤ ከሃርድዌር ቤት።» መደርደሪያው ላይ ያለችውን ጣሳ አሳየኝ። ስንት ጊዜ አጠገቧ ቆሜ ሻይ ጠጥቻለሁ! ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልሳቀም። ወንበር ሳበልኝና «ቁጭ በል፣ ሻይ አለ» አለ።

ሁለታችንም እጅጌያችንን ሰብስበን ያዝነው። በሙቅ ጨርቅ አላቀቅነው፣ ጥጡን በወረንጦ ለቀምነው፣ እንደገና በብርጭቆ ወረቀት ሳንድ አደረግነው። የተቆላው ተልባ ቡናማ ነገሩ ግን እንጨቱ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ። «ይቅር፣ ተወው» አለ ኪዳኔ፤ በላዩ ላይ ከጣሳው ዘይት በስሱ ቀባን፣ ጠጥቶ ሲደርቅ ደግመን ቀባን። ሁዳዴን እንዲህ ጨረስነው። የእሱ ሰደፍ አጠገባችን ተደግፎ ያበራል፤ እኔም የእሱን ሻይ እየጠጣሁ፣ በእሱ ዘይት የእኔን እንጨት እየቀባሁ፣ አሁንም እቀናለሁ። ሲረዱኝ እንኳን አይለቀኝም፣ ምን ይሻለኛል?

የኤግዚቢሽኑ ቀን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። ለማየት የመጣው ሰው የኪዳኔ ላይ ቆም ይላል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ያልፋል። የእኔው ላይ ሲደርስ ግን ይመለሳል። ዳኛ የነበሩት አንድ ጢማቸው ረጅም ሽማግሌ መነጽራቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ፤ እንዲህ ያለ ቀለም አይቼ አላውቅም፣ እንጨቱ ውስጥ የገባ ማር ይመስላል አሉ። «ምን ተጠቅመህ ነው?» ሲሉኝ እንግሊዝኛዬ ጠፋ። ተልባን፣ ጾሙን፣ ጋቢውን ማን ተርጉሞ ይጨርሳል? «ማይ ፍሬንድ ሄልፕድ ሚ»፣ ወዳጄ አግዞኝ ነው፣ አልኩና ኪዳኔን አሳየኋቸው። ጨበጡት። የአንደኝነቱን ሰማያዊ ሪባን ግን የእኔው ሰደፍ ላይ አሰሩ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ኪዳኔ መስኮቱን ነው የሚያየው። ቡርንስቪል ልንደርስ ስንል «ሄልፕ!» አለ፤ ያ ሁሉ ልፋቱ ለካ «እገዛ» ተብሎ ቀርቷል።

በማግስቱ ስልኬ አልጮኸም። ደግሞ በማግስቱም። ቫን ውስጥ ሆኜ ሰው እያመላለስኩ ስልኩን አየዋለሁ፤ ጸጥ። ግድግዳውን መታ መታ አደረግኩ፤ በዚያ በኩል ሬዲዮ ከፍ አለ። ይኼን ዘዴ አውቀዋለሁ፤ የእኔ ነው። ራሴ ደወልኩና «አለህ?» አልኩት። «አለሁ» አለ፤ በአፍንጫው። አዲስ አበባ ታክሲ ላይ «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚል ጥቅስ ተለጥፎ ሳይ ጥሩ ጸሎት ይመስለኝ ነበር። ምቀኛው ማን እንደሚሆን ግን ጥቅሱ አይናገርም። አንድ ወዳጅ ብቻ ያለው ሰው ይኼን ጸሎት ባይጸልይ ይመረጣል።

ስኔሊንግ ላይ ፎቶው ሲዞር ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። «እጅህ ይባረክ!» ተባልኩ። ያ ከዘራ ያለኝ ሰውዬ ራሱ ከመቀመጫው ተነሥቶ ጨበጠኝ። የኪዳኔ ወንበር ግን ባዶ ነበር፤ እኔም እሷን እያየሁ ምን እንደበላሁ አላስታውስም። ሮማን ቤት ስንገባ «ሪባኗን በአንገትህ አድርጋት፤ 'አለህ?' ብላ ትጠይቅህ እንደሆነ» አለችኝ። እውነቷን ነው።

አንድ ማለዳ ጫማዬን ሳስር ስልኬ ጮኸ። ኪዳኔ ነው። «አለህ?» አላለም። ትንሽ ተነፈሰና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያ ተልባ» አለኝ።

«እ?»

«ቆልተኸው ነበር ወይስ ጥሬውን ነው?»

«ሮማን ናት የቆላችው» አልኩት።

«እሳቱስ? ለስላሳ ነበር ወይስ ጠንከር ያለ?» አለኝ።

የጫማዬን ክር እንደያዝኩ ቀረሁ። ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ፣ የቱን እንደማስቀድም ጠፋኝ። «ቅዳሜ ና፣ አብረን እንቆላለን» አልኩት። «አሳየኝ እንጂ፣ እኔ አላውቅበትም» አለና ዘጋው።

አያችሁልኝ? እኔ ምላሴ ይቆረጥ ያልኩባትን ሁለተኛ ጥያቄ እሱ በስልክ፣ በማለዳ፣ በባዶ ሆዱ ጠየቃት። ሪባኑ እኔ ጋ ነው። ግን በዚህም በለጠኝ።