ጋሼ እርማትና የኮሎኔሉ ኮት

ሰው ሲሳሳት ሰምቶ ዝም ማለት የማይችል ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የእኛው ግን ዩኒፎርም ለብሶ ነው የሚያርመን።

ክቡርነታቸው የሰፈራችን ሙዚየም የሦስተኛው ክፍል ጥበቃ ናቸው፤ እኛ "ጋሼ እርማት" እንላቸዋለን። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የቆሙት አንድ የመስታወት ሣጥን አጠገብ ነው። ሣጥኑ ውስጥ፣ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት አንድ ስመ ጥር ኮሎኔል ከነሜዳዮቹ የለበሰው ቀይ ኮት ተሰቅሏል።

መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት ለጓደኛዬ "ጃኬቱን አየኸው? አምስት ሜዳይ!" አልኩት። ከኋላዬ ጉሮሮ ተጠረገ።

"ይቅርታ ልጄ፣ ኮት ነው። ሜዳዩም ስድስት ነው።"

ጎንበስ ብዬ ባይ፣ ስድስተኛው እጥፋቱ ሥር ተደብቋል።

ጋሼ አስተማሪዎችን በተማሪዎቻቸው ፊት አርመዋል። ለጉብኝት የመጡ አንድ ባለሥልጣንን ንግግራቸው መሀል ገብተው "ይቅርታ ክቡርነትዎ፣ ኮሎኔሉ ያኔ ገና ሻለቃ ነበር" ብለዋቸዋል። ባለቤታቸውማ "ህልሜን ስነግረው እንኳ ያርመኛል" ይላሉ።

ባለፈው ወር፣ እኔም እዚያው ሳለሁ፣ አንዲት አሮጊት ሴት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ኮሎኔሉ የአባታቸው አያት ነው። መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ አሳርፈው የኮቱን ደረት አሳዩዋት።

"ይኸውልሽ ቀዳዳው! ጥይት የገባበት ነው። ተመትቶም ከፈረሱ አልወረደም።"

"እማዬ ደግሞ! ማን ያውቃል?" አለች ልጅቱ።

ቀዳዳው የብል ነው። በየትኛው ክረምት፣ በየትኛው መጋዘን እንደተበላ የነገሩኝ ራሳቸው ጋሼ ናቸው። ኮሎኔሉን ጥይት ነክቶት አያውቅም።

አሮጊቷ ወደ ጋሼ ዞሩ። "ወንድሜ፣ እስቲ አንተ ንገራት። አባቴ ሊሞት ሲል እንኳ ይህንኑ ነው የነገረኝ።"

የጋሼ ጉሮሮ ተጠረገ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ልክ ነዎት እትዬ" አሉ። "የጥይት ነው።"

"ልክ ነዎት" የሚል ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ልጅቱ የእናቷን ክንድ ያዘች፤ ቀዳዳውን ለረጅም ጊዜ አብረው ሲያዩ ቆዩ።

ጋሼ እንግዶቹ ሁለት ክፍል ተሻግረው እስኪርቁ ድረስ ከንፈራቸውን ነክሰው ጠበቁ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ጥይቱስ ይሁን። ፈረስ ግን አልነበረም ልጄ፤ በቅሎ ነበረች።"

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ከሦስተኛው ክፍል አልጠፋም። አንዳንዴ ሆን ብዬ እሳሳታለሁ።