“ዋ” የተባለች ፊደል ቁልፍ ሠሪውን የፈተነችበት ቅዳሜ

በዘመነ ሪሞት፣ ባትሪው እንዳይወድቅ በላስቲክ በታሰረ በሦስተኛው ዓመት፣ በዕለተ ቅዳሜ ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ ሥዩመ ሶፋ፣ ዐቃቤ ሪሞት፣ የተቆለፈ ሁሉ የሚከፈትላቸው ጌታችን ቁልፍ ሠሪው፣ በጥቁርና ነጭ የተሠራ የመርማሪ ፊልም ከነመጨረሻው ሊያዩ ተነሡ፤ ተነሡ ስንልም ተጋደሙ ማለታችን ነው።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነው። ከዚህ አስቀድሞ አሥራ አንድ ፊልም ጀምረው፣ የአሥራ አንዱንም ገዳይ ቤተሰቡ ቀድሞ ነግሯቸው ነበርና፣ አሥራ ሁለተኛውም ከተነገረባቸው ቴሌቪዥኑን ለሚስታቸው ወንድም ሰጥተው ዳግመኛ ፊልም ላያዩ ምለዋል። በመማላቸውም እጅግ አዝነዋል፤ ከሥራ መልስ ሌላ ደስታ አልነበራቸውምና።

ተከትለዋቸው የተሰለፉትም እነሆ፦ እሳቸው ቁልፍ ሲቀርጹ እርሷ ቁልፍ የምትተክል ባለቤታቸው ልብስ ሰፊዋ፤ ቴሌቪዥኑን በዓይኑ የሚለካ ወንድሟ አውቶቡስ ነጂው፤ በጓዳም ፊልሙን ከጧት አይተው የጨረሱ ጡረተኛ ነርስ አማታቸው። ያን ጊዜ እንዲህ የሚል አዋጅ ወጣ፦ “ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ገዳዩን ያወራ ከሳሎን ይባረራል!”

ፊልሙም ተጀመረ። ከተማው አንድ መንገድና አንድ መብራት ነበረው፤ መርማሪውም በዚያው መንገድ አምስት ጊዜ ሲያልፍ ያችው ድመት አምስት ጊዜ አየችው። ሬሳው ይተነፍሳል። መጀመሪያ የተገደለው ዘበኛ ጢም ለጥፎ ሐኪም ሆኖ ተመለሰ። መርማሪው የብረት በር በፀጉር ሽቦ በከፈተ ጊዜም፣ በሙያው ሠላሳ ዓመት የኖሩት ጌታችን ውሸት መሆኑን እያወቁ አጨበጨቡ። የድሃ ፊልም ጥበቡ ይኸው ነው፤ የሚያሳየው ስለሌለው ይደብቃል፣ የተደበቀን ነገር ደግሞ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው የለም።

ወደ ቀደመ ነገራችን እንመለስ። በሠላሳኛው ደቂቃ አማታቸው ከጓዳ በአዋጅ መለሱ፦ “ምላሴን ይቁረጠው እንጂ ገዳይዋን አልናገርም!” ወዮ ለዚያች ሰዓት! በፊልሙ ያለችው ሴት አንዲት ዘፋኝ ብቻ ነበረች፤ ከቃሉ ጫፍ የተንጠለጠለች አንዲት ፊደልም “ዋ!” ብላ ምስጢሩን ዘረገፈችው። አውቶቡስ ነጂው ወዲያው ካርቶን ይዞ መጣ። ጌታችን ግን ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ መሐላቸውን ከመፈጸማቸው በፊት ይህን አንዱን እስከ መጨረሻ ሊሰናበቱት ወደዱ፤ ዘፋኟ ብቅ ባለች ቁጥርም በቂም ይገላምጧት ነበር።

በሰባኛው ደቂቃ ገዳዩ ሲገለጥ፣ ዘፋኟ አልነበረችም! የሆቴሉ ሻንጣ ተሸካሚ፣ አጭሩ፣ መላጣው፣ አልቃሻው ሰውዬ ነበር። ለካ አማታቸው አንጀታቸውን የበላቸውን ወንድ ሁሉ “እሷ” ነው የሚሉት፤ ጌታችንንም ጉንፋን ጥሏቸው ሳለ “አይዞሽ” ብለዋቸው ነበር። ከጓዳም ሦስተኛው አዋጅ ተሰማ፦ “ያቺ ሚጢጢ ሰውዬ እኮ ናት! እኔን አፈር ይብላኝ፣ ታሳዝናለች!” ጌታችንም ከሶፋው ዘለው በደስታ ጮኹ፤ ነጂውም ባዶ ካርቶኑን ታቅፎ ወጣ።

ክብር ይሁን ለቁልፍ ሠሪው፤ የሰውን በር ሁሉ ሲከፍቱ ኖረው አንድ ርካሽ ፊልም ቢቆልፍባቸው እልል ላሉት፤ አርባ ደቂቃ ሙሉ በንጹሕ ሴት ላይ ፈርደው አንዲት ጊዜ እንኳ ላልተጠራጠሩት! ከነገሥታት መካከል እንዲህ ተሳስቶ እንዲህ የተደሰተ ከቶ ማን አለ?